«ውሸታም፣ እብድ ወይስ ጌታ?»፦ ሙግቱ ሳይናገር ያለፈው ነገር

ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወጥቶ የተመለሰ አንድ ተማሪ ቢሮዬ ገባና ገና ወንበር ሳይስብ፣ «መምህር፣ ያ ሙግት አልሠራም» አለኝ። የትኛው ሙግት እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በተመደበባት ከተማ ዳቦና ስኳር የሚገዛበት ሱቅ ነበር። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ሰላምታው ወደ ወግ፣ ወጉም ወደ እምነት አደገና አንድ ማታ ተማሪዬ የያዘውን አወጣ፦ ኢየሱስ አምላክ ነኝ ብሏል፤ እንዲህ ያለ ሰው ወይ እያወቀ የሚዋሽ ነው፣ ወይ አእምሮው የታወከ ነው፣ ወይ ያለው እውነት ነው። «ሐጂ፣ እርስዎ ከሦስቱ የቱን ይላሉ?»

ሐጂ ደነገጡ። «አስተግፊሩላህ! ልጄ፣ ነቢዩላህ ዒሳን ውሸታም ብሎ የሚጠራ ሙስሊም የት አይተሃል? እብድም አልልም። እኔ እኮ የማልቀበለው ‹ብሏል› ያልከውን ነው።» ከዚያም የሃምሳ ብሩን መልስ ቆጥረው ሰጡት። «መልሴን ይዤ ወጣሁ» አለኝ ተማሪው፤ «መልስ ግን አልነበረኝም።»

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህንኑ ሙግት ነው። ድምዳሜውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ኢየሱስ ጌታ መሆኑን እናንተ እንደምታምኑ እኔም አምናለሁ። ቅሬታዬ ሙግቱን ይዘን በምንዞርበት መንገድ ላይ ነው። የቆመበትን፣ ግን በቃል ያላወጣውን ነገር ሳናይ ከአንዱ ሰሚ ወደ ሌላው እናዘዋውረዋለን። ሰሚው ሲለወጥ ሙግቱ ባዶ ሊሆን እንደሚችል አናስተውልም። ይኸው ግድፈት ምስባክ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከሱቅ ወግ የከፋ ጉዳት ያደርሳል፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

ሙግቱን በዓለም ዙሪያ ያስታወቀው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ሉዊስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ፣ በቢቢሲ ሬዲዮ ባቀረበው ተከታታይ ንግግር አሰማው፤ ንግግሮቹም ተሰብስበው በ1952 «ሚር ክርስቲያኒቲ» በተባለው መጽሐፍ ወጡ። የመጀመሪያው አሳቢ ግን እሱ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንዱ የነገረ መለኮት ሰው ጆን ደንካን ተመሳሳይ ባለ ሦስት ምርጫ ሙግት አቅርቧል። ከሉዊስ በኋላ አሜሪካዊው ጆሽ ማክዶዌል በ1970ዎቹ ባሳተማቸው መጻሕፍት ሦስቱን ምርጫዎች በሦስት ቃል አሳጥሮ አሰራጫቸው። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት በዚህ አጭር ቅርጹ ነው፤ አጭር ስለ ሆነም ወዲያው ያዝኩት።

ሙግቱን ከመፍታታችን በፊት ስለ ማንኛውም ሙግት አንድ ነገር ልበል። ሙግት ሁሉ መነሻና ድምዳሜ አለው፤ መነሻውን ሁሉ ግን አንዘረዝርም። አንዲት እናት ከቤት ሆና «ሰማዩ ጠቁሯል፤ ልብሱን አስገቡ» ስትል፣ ጥቁር ደመና ዝናብ ያመጣል፣ ዝናብም የተሰጣ ልብስ ያበሰብሳል ብላ አታብራራም። ልጆቹ ያንን ራሳቸው ይሞሉታል። አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ይህን አስተውሏል፤ መነሻው የታወቀ ከሆነ ተናጋሪው ሊናገረው አያስፈልግም፣ ሰሚው ያክለዋልና። ስለዚህ ያልተነገረ መነሻ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ችግር የሚመጣው ሰሚው ሊያክለው ያልቻለ ወይም ያልፈቀደ እንደ ሆነ ነው። ከዚያም ይብሳል፣ ሰሚው ሐሰት የሆነውን መነሻ ሳያስተውል ሲያክለው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ የተሰወረ ነገር ማግኘት አይከብደውም የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ተመሳሳይነቱ አይታየኝም። ባለቅኔው ወርቁን የቀበረው አውቆ ነው፤ እንዲገኝለትም ይፈልጋል። ያልተነገረ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ከተናጋሪው ከራሱም ተሰውሯል።

እንዴት ይገኛል? እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ጥያቄዎችን አስይዛለሁ። አንደኛው፣ በድምዳሜው ውስጥ ያለ፣ በተነገሩት መነሻዎች ውስጥ ግን የሌለ ነገር ምንድን ነው? አንድ ሐሳብ ከየትም ሳይመጣ ድምዳሜው ላይ ከተገኘ ያመጣው ሌላ፣ ያልተነገረ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ያልተነገረ መነሻ ነው ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ገልብጡት፤ ተቃራኒው እውነት ቢሆንስ ድምዳሜው ይቆማል? ከወደቀ፣ ሙግቱ የቆመው በእርሱ ላይ ነበር። ካልወደቀ ግን ተናጋሪው በግሉ ያምንበት እንደ ሆነ እንጂ ሙግቱ አያስፈልገውም።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የእውነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ የመዘምራን መሪ፣ «ወጣቶቹ እየራቁን ነው፤ ስለዚህ የዝማሬ አገልግሎታችንን እናሻሽል» ይላል። ሌላው ተነሥቶ፣ «ታዲያ የእግዚአብሔር ቃል አይበቃም እያልክ ነው!» ይለዋል። ይህን ያላየ አጥቢያ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አሁን ገልብጡት፤ ቃሉ በቂ ነው እንበል። የመሪው ሐሳብ ይወድቃል? አይወድቅም። ቃሉ በቂ መሆኑን በሙሉ ልብ የሚያምን ሰውም ዝማሬው እንዲሻሻል ሊፈልግ ይችላል። የእርሱ ሙግት የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ወጣቶቹ ከሚርቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ዝማሬው መሆኑ። ይህ ደግሞ ወጣቶቹን በመጠየቅ የሚጣራ እንጂ በወንድም ላይ የኑፋቄ ክስ በመለጠፍ የሚመለስ አይደለም። ስንቱ የአጥቢያ ጠብ የተነሣው ሰው ያላሰበውን መነሻ ስላሸከምነው ይሆን?

ወደ ሉዊስ እንመለስ። ሦስቱን ምርጫዎች ደጋግመን ስለምንሰማ ድካም ካለው እዚያው ይመስለናል። እዚያ አይደለም። አንድ ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት፤ ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱን ወይ ያውቃል ወይ አያውቅም። ይህ ክፍፍል ቀዳዳ የለውም። የሚመረመረው ከክፍፍሉ በኋላና ከክፍፍሉ በፊት ያለው ነው።

ከክፍፍሉ በኋላ፣ «አያውቅም» ከሚለው ወደ «እብድ ነው» ስንሻገር አንድ ያልተነገረ መነሻ አለ፦ በእንዲህ ያለ ነገር በቅንነት የተሳሳተ ሰው ጤነኛ ሊሆን አይችልም የሚል። ጤነኛ ሰው ስለ ራሱ በቅንነት ሊሳሳት ይችላል ብለው የሚሞግቱ አሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከሉዊስ ጋር ነኝ። እርሱ እንዳስተዋለው ተናጋሪው አይሁዳዊ ነው፤ በአይሁዳዊ አፍ «እግዚአብሔር» ማለት ዓለምን ከምንም የፈጠረ፣ ከፍጥረትም ሁሉ የተለየ ማለት ነው። ራስን ከእርሱ ጋር ማምታታት የልደት ቀንን እንደ ማምታታት አይደለም። በዚህ ላይ አልዘገይም።

ከክፍፍሉ በፊት ያለው ግን ሐጂ ጣታቸውን ያሳረፉበት ነው፦ «ብሏል»። ገልብጡት። አላለም፣ ወይም ያለው እኛ ዘንድ ሲደርስ ተለውጧል እንበል። ያን ጊዜ ከሦስቱ ምርጫዎች አንዱም አይቀርም። የሚዋሽ የለም፣ የሚያብድ የለም፣ ጌታ ነኝ ያለም የለም፤ ያለው ዘገባና ዘጋቢ ብቻ ነው። እንግዲህ ሙግቱ ሁሉ የቆመው ወንጌላት የኢየሱስን ንግግርና ሥራ በታማኝነት ይዘዋል በሚለው መነሻ ላይ ነው፤ ሙግቱም ስለዚህ መነሻ አንድም ቃል አይናገርም። ሐጂ ሥነ አመክንዮ አልተማሩም። ማየት የቻሉት መነሻውን የማይጋሩ በመሆናቸው ነው፤ እኛ ያላየነው ስለምንጋራው ነው። በጋራ የተያዘ መነሻ እንደ መነጽር ነው፤ በእርሱ እናያለን እንጂ እርሱን አናይም።

ታዲያ ሉዊስ ተሳስቷል? ማንን ያናግር እንደ ነበር እዩ። ሬዲዮውን የሚሰማው እንግሊዛዊ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቶ ሊሆን ይችላል፤ የተራራውን ስብከት ግን ያደንቃል። «ኢየሱስ ታላቅ የግብረገብ መምህር ነው፤ አምላክ መሆኑን ግን አልቀበልም» የሚል ሰው ነው። ይህ ሰው ታላቁን መምህር ያወቀው ከየት ነው? ከእነዚያው ወንጌላት። ትምህርቱን ከእነርሱ ተቀብሎ ኃጢአት ይቅር የማለት ሥልጣኑን ካልተቀበለ፣ በምን መስፈርት እንደ ለየ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሉዊስ መነሻውን ያልተናገረው ሰሚው ስለ ሰጠው ነው፤ ልክ ልብሱን እንዳስገቡት ልጆች። ደግሞም ማስረጃው እኛ አሳጥረን ከምናቀርበው የጠነከረ ነበር። «አምላክ ነኝ» የሚል ነጠላ ዐረፍተ ነገር ፍለጋ አልሄደም፤ ይልቁን ጌታ በሌሎች ላይ የተሠራውን ኃጢአት፣ ዋናው ተበዳይ እርሱ እንደ ሆነ አድርጎ ይቅር ማለቱን አነሣ።

ነቀፋ ካለኝ ይህ ነው፦ ከሬዲዮ ንግግሩ እስከ 1952ቱ መጽሐፍ አሥር ዓመት አለ፤ መጽሐፍ ደግሞ ከሬዲዮ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ያልታሰበ አንባቢ እጅ እንደሚገባ አስቦ በዚያ ምዕራፍ ላይ ስለ ወንጌላት ታማኝነት አንድ ሁለት አንቀጽ ቢጨምር ኖሮ፣ ብዙ ሰው ሙግቱን ከነመሠረቱ በተሸከመ ነበር። ጥያቄውን ያውቀው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1959 በኬምብሪጅ፣ ለቅስና በሚሠለጥኑ ተማሪዎች ፊት ባቀረበው ንግግር፣ ዕድሜውን ሙሉ አፈ ታሪክና ተረት ሲያነብ እንደ ኖረ ሰው ወንጌላት የዚያ ወገን አለመሆናቸውን ተሟግቷል። ይኸኛው ንግግር የዚያኛው ሙግት ጎደሎ እግር ነው። እኛ ግን ባለ ሦስት ቃሉን በቃላችን ይዘን ይኸኛውን ተውነው።

እዚህ ላይ፣ «ወንጌላት እውነት ከሆኑ ምን ቸገረን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ናቸው። ጥያቄው ግን መነሻው እውነት ነው ወይ የሚል አይደለም፤ ለሰሚው ሰጥተነዋል ወይ የሚል ነው። ያልሰጠነውን እንደ ተሰጠ ቆጥረን ሰውን በሦስት ምርጫ ማጣደፍ ማሳመን አይባልም። ሐጂን ካስደነገጣቸውም ነገር አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ የሚወዱትን ነቢይ እንዲሰድቡ ወይም እምነታቸውን እንዲለቁ የተጠየቁ መሰላቸው።

ጌታችን ራሱ በሙግት እንዴት እንደሚሄድ ስናይ ያልተነገረውን አያልፈውም። በማርቆስ 2 ጸሐፍት በልባቸው የሚያስቡት ሙግት መነሻው ትክክል ነው፦ ኃጢአት ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ይሳደባል ወደሚለው ድምዳሜ የሚያደርሳቸው ግን ያላሰቡበት ሁለተኛ መነሻ ነው፤ ይህ በፊታቸው የቆመው ሰው ብቻ ነው የሚል። ኢየሱስ የመጀመሪያውን አልነካም። ሽባውን አስነሥቶ የተሰወረውን ሁለተኛውን ጥያቄ ውስጥ ከተተው።

ሰዱቃውያን በማቴዎስ 22 ያመጡት የሰባቱ ወንድሞች እንቆቅልሽ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ይመስላል። አንዲት ሴት ሰባቱን አግብታ ነበር፤ በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች? ትንሣኤ ከንቱ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊወስዱን ነው። ያልተናገሩት መነሻ፣ የትንሣኤው ሕይወት ጋብቻን ጨምሮ የዚህኛው ሕይወት ቅጥያ ነው የሚል ነው። ኢየሱስ ከሰባቱ አንዱን ለመምረጥ አልደከመም፤ በትንሣኤ መጋባት የለም ብሎ መሠረቱን ነቀለው። ቀጥሎ ያለውን ግን ልብ በሉ። እርሱም በተራው ከኦሪት ሲሞግት ሁሉን አልዘረዘረም። እግዚአብሔር ራሱን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ብሎ መጥራቱን ጠቅሶ፣ እርሱ የሕያዋን እንጂ የሙታን አምላክ አይደለም አለ። እግዚአብሔር ቃል የገባላቸውን ለሞት አሳልፎ በመስጠት ኪዳኑን አያስቀርም የሚለውን ሰሚዎቹ እንዲያክሉት ተወላቸው፤ ኦሪትን የሚያከብሩ ነበሩና ሊያክሉት ይችሉ ነበር። አንድ መምህር በአንድ ውይይት ውስጥ የሌሎችን ያልተነገረ መነሻ ሲያጋልጥና የራሱን ለሰሚው ሲተው፣ ሁለቱንም አውቆ ነው ያደረገው።

እንግዲያው በሐጂ ሱቅ ምን ይባላል? «ብሏል» የሚለውን ራሱን ወደ መወያያነት ማውጣት ነው። አንድ መንገድ ላሳይ። ጳውሎስ አንደኛ ቆሮንቶስን የጻፈው በ50ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ከስቅለቱ 25 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ በቁጥር 22 ላይ፣ በግሪክኛው ደብዳቤ መካከል ሳይተረጉም አንድ የአራማይክ ጸሎት አስገብቷል፤ በየዝማሬያችንና በየሰላምታችን የምንለው «ማራናታ»። ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ቆሮንቶሳውያን የማያውቁትን ቋንቋ እንዲረዱ የሚጠበቀው ጸሎቱ ከመጀመሪያዎቹ አራማይክ ተናጋሪ አማኞች ተወርሶ የተለመደ ከሆነ ነው። በዚያው ደብዳቤ 8፥6 ላይ ደግሞ እስራኤል አምላክ አንድ መሆኑን የሚመሰክርበት ቃል ኢየሱስን ጌታ ብሎ በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ኢየሱስን የማምለክ ነገር ከትውልዶች በኋላ ከሩቅ አገር የገባ አይደለም፤ ያዩትና አብረውት የበሉት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ነበረ።

የራሴንም ሙግት በዚያው መስፈርት ልፈትነው። «ጌታ» የሚለው የአራማይክ ቃል ለሰው ጌታም ይሆናል፤ እኔ ግን ለአምላክ እንደ ተነገረ ቆጥሬያለሁ። ይህን ቁጠራዬን የሚደግፈው ጸሎቱ የተሰቀለን ሰው «ና» ብሎ የሚጠራ መሆኑ ነው፤ ደቀ መዝሙር የሞተ መምህሩን በጸሎት አይጠራም። ሐጂ ይህንንም ላይቀበሉ ይችላሉ። ግን አሁን የምንነጋገረው በእርግጥ በተለያየንበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ምስባኩ። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። አገልግሎት በጀመርኩባት አጥቢያ «እምነት ሲገኝ ፈውስ አይቀርም» ብዬ ሰበክሁ። ክፍሎቼ የተሰደሩ ነበሩ፤ ጌታ የተፈወሱትን ሰዎች እምነታቸውን ያመሰገነባቸውን ታሪኮች አንድ በአንድ ጠራሁ። ማንንም አልነቀፍኩም፤ «ያልተፈወሰ ሰው እምነት የለውም» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ጉባኤው «አሜን» ብሎ ተበተነ። አንዲት እናት ግን በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። በዚያው ዓመት ልጃቸውን በኩላሊት ሕመም ቀብረዋል፤ ቀብሩ ላይ ጸሎት ያደረግሁት እኔ ነበርኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፓስተር፣ እንግዲያው ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉኝ።

«እንደሱ ማለት አይደለም» አልኳቸው። ግን ነበር። የተናገርኩት መነሻ፣ በእነዚህ ታሪኮች እምነት ፈውስ አገኘ የሚል ነው። ድምዳሜዬ፣ እምነት ባለበት ሁሉ ፈውስ አይቀርም የሚል። በመካከላቸው ያለው ጉድጓድ የሚሞላው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ እግዚአብሔር በእነዚያ ያደረገውን በእያንዳንዱ አማኝ ላይ፣ በዚህ ሕይወት፣ ሁልጊዜ ያደርጋል። ገልብጡትና ድምዳሜው ይፈርሳል። ካልገለበጣችሁት ደግሞ የእኚያ እናት ስሌት ትክክል ነው፤ እምነት ካለ ፈውስ አይቀርም፣ ፈውስ ቀርቷል፣ ስለዚህ እምነት አልነበረም። እኔ ያላየሁትን መነሻ እሳቸው በሐዘናቸው አይተው እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ከመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች መካከል ስለ ወጣም የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል መሰላቸው። አገልጋዮች ሆይ፣ የሚያስፈራው ይህ ነው። ያልተናገርነውን ጉባኤው ያክለዋል፤ ሲያክለውም ሥልጣኑን ከጥቅሱ ይሰጠዋል።

ያን መነሻ አውጥቼ በቃል ብናገረው ኖሮ ቅዱሳት መጻሕፍት ራሳቸው ይመልሱልኝ ነበር። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶታል (2 ጢሞ. 4፥20)። ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ መውጊያው መወገዱ አልነበረም (2 ቆሮ. 12፥7–9)። ሐዋርያው እምነት ጎድሎት ነበር የሚል ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። መነሻው ግን ስላልተነገረ አልተፈተነም፤ ስላልተፈተነም አለፈ።

የኢዮብን ወዳጆች እስቲ በዚህ ዓይን መልሳችሁ አንብቧቸው። ሦስቱ ሰዎች ብዙ ምዕራፍ ይናገራሉ፤ ከሚናገሩትም ብዙው ስለ እግዚአብሔር ጽድቅና ታላቅነት የሚባል መልካም ነገር ነው። ለዚህ ይመስለኛል ከእነርሱ ንግግር ጥቅስ ነቅለን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው። ንግግራቸውን ሁሉ ወደ ክስ የሚለውጠው አንድ መነሻ ነው፦ መከራ የሚደርሰው በበደል መጠን ነው። መጽሐፉ ለእኛ ለአንባቢዎች ይህ መነሻ በኢዮብ ላይ ሐሰት መሆኑን በመጀመሪያው ምዕራፍ ነግሮናል። እነርሱ ግን አንዴም ቆመው አልጠየቁትም። ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዕውሩ ሰው ሲጠይቁ (ዮሐ. 9፥1–3) ምርጫ ያቀረቡት በሁለት ኃጢአተኞች መካከል ነበር፤ እርሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም ትቶ ምርጫውን የወለደውን ሐሳብ አፈረሰ። በሉቃስ 13፥1–5 ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ጲላጦስ ስለ ገደላቸው የገሊላ ሰዎች ወሬ ሲያመጡለት፣ ወሬኞቹ ያልተናገሩትን መነሻ እርሱ አውጥቶ በጥያቄ መልክ ፊታቸው አስቀመጠው፤ እነዚያ ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች መስሏችሁ እንደ ሆነ ብሎ። ቀጥሎ የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን 18 ሰዎች ከራሱ ጨመረ፤ መነሻው በአንድ ወሬ ላይ ብቻ ያልተወሰነ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለድውያን መጸለይ አልተውኩም፤ በእምነትም እጸልያለሁ። የለወጥኩት የስብከት ማስታወሻዬን ነው። «ስለዚህ» የሚል ቃል በጻፍኩ ቁጥር ኅዳጉ ላይ «ይህ እንዲከተል ሌላ ምን እውነት መሆን አለበት?» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንድ ሳምንት ኅዳጉ ንጹሕ ይወጣል። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ቅዳሜ ማታ ስብከቱ ግማሽ ይሆንብኛል።

የራስን ያልተነገረ መነሻ በሌላ ሰው አፍ መስማት ቀላል አይደለም። ሉዊስም ደርሶበታል፤ በሦስቱ ምርጫዎች ሳይሆን በሌላ ሙግቱ። ሉዊስ በ1947 ባሳተመው «ሚራክልስ» በተባለ መጽሐፍ፣ ከተፈጥሮ በቀር ምንም የለም የሚል ሰው የራሱን አስተሳሰብ ዋጋ ያሳጣል ብሎ ተሟግቶ ነበር፤ እንደዚያ ከሆነ ሐሳባችን ሁሉ ከጭፍን የተፈጥሮ ምክንያት የመነጨ ይሆናልና። በየካቲት 2 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.፣ እርሱ ራሱ በሚመራው የኦክስፎርድ የሶቅራጥስ ክበብ ውስጥ፣ ኤልዛቤት አንስኮም የተባለች ወጣት ፈላስፋ ተነሥታ ሙግቱን ፈታችው። ከሓዲ አልነበረችም፤ አጥባቂ ካቶሊክ ነበረች። ሉዊስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ቆጥሯል አለች፦ እንደ ስካር ቅዠት ያለ አእምሮን የሚያጣምም ምክንያት፣ እና ማጣመምም ማቅናትም የማይባልለት ተራ የተፈጥሮ ምክንያት። የመጀመሪያው እምነትን ያጠራጥራል፤ ሁለተኛውም ያጠራጥራል ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሉዊስ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሳይናገር ወስዶታል።

ሉዊስ የመጽሐፉን ሦስተኛ ምዕራፍ እንደገና ጻፈው፤ የተሻሻለው እትም በ1960 ወጣ። አንስኮም ራሷ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን የሉዊስን ሥራ ቅንነቱን የሚያሳይ ብላ መስክራለታለች። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ወንድም የሌላውን ሙግት ከድምዳሜው ጋር እየተስማማ ሲነቅፍ፣ ድምዳሜውን የካደ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም በራሱ አንድ ያልተነገረ መነሻ አለው፤ እሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ተማሪዬ ለቀጣዩ ልምምድ ወደዚያው ከተማ ሲመለስ ሱቁን አልሸሸም። ሐጂን፣ «አንድ ሰው ‹አለ› የተባለውን በእርግጥ ማለቱን እርስዎ በምን ያረጋግጣሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሐጂ ደስ አላቸው። ወንበር አውጥተው፣ ሻይ አስመጥተው ስለ ኢስናድ አስረዱት፤ ሐዲስ ሲጠቀስ ማን ከማን እንደ ሰማው ሰንሰለቱ እንደሚቆጠር፣ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ታማኝነቱ እንደሚመረመር። «የእናንተን ሰንሰለት አምጣና እናየዋለን» አሉት። ተማሪው የሉቃስ ወንጌልን የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮችና ጳውሎስ የተቀበለውን እንዳስተላለፈ የሚናገርበትን 1 ቆሮንቶስ 15ን ይዞ ሄዷል። ሐጂ ስለ እያንዳንዱ ስም ይጠይቁታል፤ የማያውቀውን በወረቀት ጽፎ ያመጣልኛል። ትናንት ያመጣው ወረቀት ላይ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ፤ ሦስቱን እኔም አላውቃቸውም።